የእንቁላል ሌባ ተብሎ የቀረው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው። የዚህን እንስሳ ስም ያወጣው ግን የኒው ዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ፕሬዚዳንት፣ ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን ነው። ስሙም ኦቪራፕተር፤ እንቁላል ነጣቂ ማለት።

ነገሩ የተጀመረው በ1923 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በሞንጎሊያ፣ ጎቢ በረሃ ውስጥ ነው። በሮይ ቻፕማን አንድሩስ የተመራው የሙዚየሙ ጓድ «የሚነዱት ገደሎች» ከተባለው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ አንድ የእንቁላል ጎጆ አገኘ። ከእንቁላሎቹ በላይ፣ ጥቂት አሸዋ ብቻ ለይቶት፣ ጥርስ የሌለው ባለ ምንቃር ዳይኖሰር አጽም ተጋድሟል። እንቁላሉስ የማን ነው? በዚያ ቦታ እንደ ልብ የሚገኘው የፕሮቶሴራቶፕስ አጽም ስለነበረ የሱ ነው ተባለ። በቃ፣ ማስረጃው ይኸው ነው! በቁጥር የበዛው ባለቤት ሆነ፤ እላዩ ላይ የተገኘው ሌባ። ኦስቦርን በ1924 ስሙን ሲያወጣ፣ ስሙ ስለ እንስሳው ጠባይ ሊያሳስት እንደሚችል ራሱ ጽፏል። ጥርጣሬውን መዝግቦ ፍርዱን የሚሰጥ ዳኛ እንግዲህ ምን ይባላል?

ምደባውም አብሮ ተጣመመ። ኦስቦርን ሰጎን ከሚመስሉት ኦርኒቶሚሚዶች ጋር ቆጠረው። እኛን ከሁሉ የሚያስቆጨን ግን የአንዲት አጥንት ነገር ነው። ዶሮ ስንበላ ከደረቷ ላይ የምናገኛት ሹካ መሳይ አጥንት በዚያው አጽም ላይ ነበረች፤ እሱ ግን ሌላ አጥንት መስላው በሌላ ስም ጠርቶ አለፋት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዴንማርካዊው ጌርሃርድ ሃይልማን ስለ ወፎች አመጣጥ በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቴሮፖዶች (ሥጋ በሎቹ ዳይኖሰሮች የሚመደቡበት ባለ ሁለት እግር ወገን) ወፍን እጅግ ቢመስሉም ይህች አጥንት የምትሠራባቸው የትከሻ አጥንቶች ስለሌሏቸው የወፍ አባት ሊሆኑ አይችሉም ሲል ደመደመ። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ብዙዎች አምነውት ኖሩ። መልሱ ኒው ዮርክ ተቀምጦ!

በ1976 ሞንጎሊያዊው ሪንቼን ባርስቦልድ ለኦቪራፕተርና ለዘመዶቹ ኦቪራፕቶሪዴ የተባለ የራሳቸውን ቤተሰብ አቆመላቸው። አጥንቷንም በትክክለኛ ስሟ የጠራት እሱ ነው።

የሌብነቱ ክስ የፈረሰው በ1993 ነው። እዚያው ጎቢ፣ ኡካ ቶልጎድ በተባለ ቦታ፣ የፕሮቶሴራቶፕስ ነው ይባል የነበረው ዓይነት እንቁላል ተገኘና ውስጡ ያለው ፅንስ የኦቪራፕተር ዘመድ ሆነ። በ1995 ደግሞ እንደ ታቀፈች ዶሮ ክንዶቹን በእንቁላሎቹ ዙሪያ ዘርግቶ የሞተ ሌላ ዘመዱ ታተመ። ያ የ1923ቱም በገዛ ጎጆው ላይ የሞተ ይመስላል። ዛሬ የሚመደበው ወፎችም ባሉበት በማኒራፕቶራ ውስጥ ነው። እንዲያውም በ2002 አንዳንድ ተመራማሪዎች «መብረር የተወ ወፍ ነው» እስከ ማለት ደርሰው ነበር፤ አብዛኞቹ ግን አልተቀበሏቸውም።

ስሙስ? በእንስሳት ስያሜ ሕግ ቀድሞ የታተመ ስም ይጸናል፤ ትርጉሙ ሐሰት ስለሆነ ብቻ አይፋቅም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ዛሬም ኦቪራፕተር ፊሎሴራቶፕስ ነው። ሁለተኛው ቃል ደግሞ «ሴራቶፕሶችን ወዳድ» ማለት ነው፤ እንቁላላቸውን መሆኑ ነው።