በሙኒክ ሜዳ ወድቀው የተነሡት ሁለት ሯጮች

በረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ የአሸናፊዎች ስምና ሰዓት በጥንቃቄ ይመዘገባል። በሩጫው መካከል የሚደርስ ቀላል ጉዳትና ከእርሱም የማገገሙ ጥበብ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ይሁን እንጂ የአንድ ሯጭ ማስተዋል ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው ከመሬት በሚነሣበት ቅጽበት ነው። ለዚህም በ20ኛው የኦሊምፒክ ጨዋታ በሙኒክ ከተማ የተፈጸመው ድርጊት ጥሩ ምስክር ይሆናል።

ነሐሴ 28 ቀን 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1972) ለ10,000 ሜትር ፍጻሜ ከተሰለፉት መካከል እንግሊዛዊው ዴቪድ ቤድፎርድ፣ የቤልጂጉ ኤሚል ፑተማንስ፣ የቱኒዚያው መሐመድ ጋሙዲ፣ የፊንላንዱ ላሴ ቪረንና የኢትዮጵያው ምሩፅ ይፍጠር ይገኙ ነበር። ቤድፎርድ ከመነሻው ጀምሮ ፈጣን ሩጫ መራ። እኩሌታው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ12ኛው ዙር ላይ፣ ሯጮቹ ተጠጋግተው ሲሮጡ ቪረን እግሩ ተጠላልፎ ወደቀ። ጋሙዲም በእርሱ ላይ ተደናቅፎ አብሮ ወደቀ።

ቪረን ወዲያው ተነሣ። በመካከሉ የተፈጠረው ርቀት 20 ሜትር ያህል ነበር። በሴኮንድ 6 ሜትር ገደማ ለሚጓዝ ሯጭ ይህ ከ3 ሴኮንድ ጥቂት የሚበልጥ ኪሳራ ነው። አኀዙ ትንሽ ይምሰል እንጂ የዚያ ዕለት ድል የተወሰነው ከዚህ ባነሰ ጊዜ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሯጩን ሁለት ስሕተቶች ይጠብቁታል፤ አንዱ ተስፋ መቁረጥ፣ ሁለተኛው የጠፋውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አስመልሶ መሪነቱን ለመንጠቅ መጣደፍ ነው። ቪረን ሁለቱንም አላደረገም። አንድ ዙር ሳይሞላ ከጓደኞቹ ጋር ተቀላቀለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ፊት ለመውጣት አልቸኮለም። 600 ሜትር ያህል ሲቀር ፍጥነቱን ጨምሮ በ27 ደቂቃ ከ38.35 ሴኮንድ አሸነፈ። አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በ1957 ዓ.ም. ያስመዘገበውን 27 ደቂቃ ከ39.4 ሴኮንድ የሆነ የዓለም ክብረ ወሰንም አሻሻለ። ፑተማንስ ሁለተኛ ሲሆን፣ ምሩፅ ሦስተኛ ወጥቶ ለኢትዮጵያ የነሐስ ሜዳልያ አስገኘ።

የጋሙዲ ዕጣ ሌላ ነበር። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የ5,000 ሜትር አሸናፊ የነበረው ይህ የ34 ዓመት ሯጭ ተነሥቶ ጥቂት ከሞከረ በኋላ ውድድሩን አቋረጠ። የዚያን ዕለት ውጤት ብቻ የተመለከተ ሰው አንደኛው ጽናት እንዳለው፣ ሁለተኛው ግን እንደጎደለው ሊፈርድ ይችል ነበር።

ነገር ግን ልዩ ልዩ ጉዳት ልዩ ልዩ ፍርድ ይጠይቃል። የሚሮጥ ሰው እግሩን በጣለ ቁጥር ከክብደቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ኃይል ይቀበላል፤ በ10,000 ሜትር ውስጥም ይህ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። ቆዳን የላጠ ወይም ሥጋን በላይ በላዩ የቀጠቀጠ ጉዳት ይህን ሸክም ይችላል፤ ሕመሙም በሩጫው ሙቀት ይደበዝዛል። ሕመሙ በአንድ ነጥብ ላይ ተከማችቶ በየእርምጃው እየጨመረ አረማመድን የሚያዛባ ከሆነ ግን ሸክሙ ወደ ሌላው እግር ይተላለፋል፤ ቀላሉም ጉዳት ከባድ ይሆናል። ስንጥቅ ያየ መሐንዲስ የተነካው ልስኑ ነው ወይስ ምሰሶው ብሎ እንደሚመረምር፣ የወደቀ ሯጭም ይህንኑ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መመርመር አለበት። ልዩነቱ መሐንዲሱ ጊዜ ያለው መሆኑ ነው።

የጋሙዲ ማቋረጥ ሽንፈት አለመሆኑን ያስመሰከረው የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ማጣሪያውን አልፎ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ለ5,000 ሜትር ፍጻሜ ተሰለፈ። ቪረን በ13 ደቂቃ ከ26.42 ሴኮንድ አንደኛ ሲሆን፣ ጋሙዲ በ13 ደቂቃ ከ27.33 ሴኮንድ ሁለተኛ ሆነ። ከሰባት ቀን በፊት በአንድ ስፍራ ወድቀው የነበሩት ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው ሮጦ ሁለተኛው ዐርፎ፣ በአንድ የሽልማት መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ ሴኮንድ እንኳ አልሞላም።