የጋለው ማንኪያና የውኃው ጠብታ፦ ከመለካት ታሪክ አንድ ምዕራፍ

ውኃ በጋለ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ፣ ብረቱ በጋለ መጠን ውኃው ፈጥኖ ተንኖ ያልቃል ብሎ መገመት የተለመደ ነው። ግምቱ ግን እስከ ተወሰነ የሙቀት ደረጃ ብቻ ይሠራል። ከዚያ ካለፈ ጠብታው እንደ ባዜቃ ተድቦልቡሎ ይንሸራተታል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ሆላንዳዊው ሐኪም ሄርማን ቡርሃቬ አልኮል በጋለ ብረት ላይ ሳይነድ እንዲህ መሆኑን በ1732 (እ.ኤ.አ.) ጽፏል።

ነገሩን በመለካት የመረመረው ግን በዱይስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር የነበረው ጀርመናዊ ዮሐን ጎትሎብ ላይደንፍሮስት ነው። በ1756 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ እስኪቀላ በጋለ የብረት ማንኪያ ላይ ውኃ እያንጠባጠበ ጊዜውን ቈጠረ። የመጀመሪያው ጠብታ 30 ሴኮንድ ያህል ቈየ፤ ሁለተኛው 10 ሴኮንድ ያህል፤ ተከታዮቹ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ። ማንኪያው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጠብታው ፈጥኖ አለቀ ማለት ነው።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከጠብታው ሥር የሚወጣው እንፋሎት ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል የሆነ ስስ ንጣፍ ይሠራል፤ እንፋሎትም ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ጠብታውን ከብረቱ ይከላከላል። ይህ ለውኃ በለሰለሰ ብረት ላይ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጀምራል።

ላይደንፍሮስት ግን በማንኪያው ላይ የቀረውን ዝቃጭ አይቶ ውኃ ወደ አፈርነት ይለወጣል ሲል ደመደመ። ይህን የቈየ እምነት በ1770 ያፈረሰው ፈረንሳዊው ላቯዚዬ ነው። ውኃን በተዘጋ የመስታወት ዕቃ ከ100 ቀናት በላይ አሙቆ ሁሉንም መዘነ፤ አፈር የመሰለው ነገር ከመስታወቱ የተፈገፈገ መሆኑንም አረጋገጠ። በ1934 ደግሞ ጃፓናዊው ሺሮ ኑኪያማ በውኃ ውስጥ ሽቦ በማጋል፣ ወደ ውኃው የሚተላለፈው ሙቀት ከፍተኛ ወሰን ከደረሰ በኋላ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህ ዕውቀት ለእንፋሎት ማሞቂያዎች ደኅንነት መሠረታዊ ነው።

እንግዲህ የላይደንፍሮስት ቈጠራ ሲጸና፣ ያልመዘነው ድምዳሜ ወደቀ። መምህሩም ተማሪውን «ምን አየህ?» ብሎ ከጠየቀው በኋላ «ምን ያህል?» እና «ከለካኸው ውስጥ ይህን የሚያስረዳልህ የትኛው ነው?» ብሎ ቢጨምር፣ ውድ መሣሪያ በሌለበት ክፍል እንኳ የሳይንስ ትምህርት መሠረቱን ይይዛል።