ሙጥኝ ያለ ልጅ እስረኛ አይደለም

«ደኅንነቱ የተጠበቀ ቁርኝት» የሚል ሐረግ በወላጆች ሥልጠናና በሥነ ልቦና ጽሑፎች ውስጥ እየተለመደ መጥቷል። ሊገልጽ የፈለገው አሳዳጊውን አምኖ የሚያድግ ሕፃንን ነው። ሐረጉን ብቻውን የሰማ ሰው ግን የባንክ ሒሳብ ወይም የመጋዘን ቁልፍ ነው የሚመስለው። ጥፋቱ ከ«ደኅንነቱ የተጠበቀ» ይልቅ በ«ቁርኝት» ይከፋል። ቁርኝት የቆራኘ ልጅ፣ የቁራኛ ወንድም ነው። በድሮው የፍርድ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለዕዳ ነጠላቸው ተቋጥሮ ወይም እጃቸው በሰንሰለት ተያይዞ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ ነበር። ቁራኛ ማለት ያ ነው። ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» የምንለው ያመልጣል ብለን ለጠረጠርነው ሰው ነው። ክፉ መንፈስ የያዘውም «ተቆራኘው» ይባላል። እናቱ ጀርባ ላይ ላንቀላፋ ሕፃን ከዚህ ሁሉ ምን ይተርፈዋል?

«ትስስር» የሚሉም አሉ። እሱም የአሰረ ዘር ነው፤ ቢለሰልስም ገመዱ አልወለቀለትም። ከዚያም በላይ ትስስር የእኩዮች ነገር ነው፤ ነጋዴ ከነጋዴ፣ አምራች ከሸማች ይተሳሰራል፣ «የገበያ ትስስር» የሚባለውም ለዚህ ነው። የሕፃኑ ነገር እኩልነት የለውም፤ ደካማው ወደ ብርቱው ይጠጋል። ቃሉ ይህን አቅጣጫ ካላሳየ የሐሳቡን ግማሽ ጥሎ ነው የመጣው።

ሐሳቡን ብዙ ሰው በጥቂቱም ቢሆን ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ጆን ቦልቢ ሕፃን አሳዳጊውን የሚፈልገው ለወተት ብቻ ሳይሆን ለመጠለያም ነው አለ። ባልደረባው ሜሪ አይንስወርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በኡጋንዳ፣ በካምፓላ ዙሪያ ባሉ የባጋንዳ መንደሮች፣ የ26 ቤተሰቦችን 28 ሕፃናት ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተከታተለች። ያየችው ይህን ነው፦ ሕፃኑ ከእናቱ ጭን ወርዶ እየዳኸ ይርቃል፣ ዞር ብሎ ያያታል፣ ሲፈራ ተመልሶ ይለጠፍባታል። ሕፃኑ የሚርቀው እሷን ተማምኖ ነው። የተቆራኘ መራቅ አይችልምና ቁርኝት የሚለው ቃል የግኝቱን ልብ ይቃረናል።

ለዚህ ሁኔታ አማርኛ «ሙጥኝ አለ» የሚል ግሥ አለው። በድሮ ጊዜ አሳዳጅ የበረታበት ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ታላቅ ሰው ደጅ ሮጦ ሙጥኝ ይል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም ነበር። የቃሉ ድምፅም ትርጉሙም ወደ «ተማጠነ» ያመለክታል፤ ተማጠነ ደግሞ ተማፀነ ነው፣ ፀጉር ጠጉር እንደሚባለው። በግዕዝ ተማኅፀነ፣ ሐፀነ እና ማኅፀን የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ መጠጊያ መሻት፣ ተንከባክቦ ማሳደግ እና የእናት ማኅፀን። ቦልቢ በጥራዝ ያብራራውን ዝምድና ቋንቋው በሦስት ፊደል ሥር ይዞት ኖሯል። ስሙን ለማውጣትም አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ዝም አለ ዝምታ፣ ጸጥ አለ ጸጥታ፣ እንቢ አለ እንቢታ ካለን፣ ሙጥኝ አለ ሙጥኝታ ይሆናል። አሳዳጊውን ያመነው ሕፃን ሙጥኝታው «የተማመነ»፣ ያላመነው «ያልተማመነ» ይባላል፤ ደኅንነትን የሚጠብቅ ዘበኛ አንፈልግም።

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ወንበሩን ሙጥኝ ያለ ሹም» ስለምንል ቃሉ ነቀፋ አለበት የሚል ነው። ነቀፋው የሚመጣው ግን ሹሙ መጠጊያው ያልሆነውን ስለያዘ ነው፤ «እናቱን ሙጥኝ አለ» ሲባል ሕፃኑን የሚወቅስ የለም። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ሙጥኝ ማለት የፍርሃት ጊዜ ድርጊት ነው፣ የሚፈለገው ግን ዘላቂ ሁኔታ ነው። የ«ታ» ሥራ ይህ ነው፤ ጸጥታ ከአንድ ጸጥ ማለት እንደሚሰፋ ሁሉ ሙጥኝታም ማንም ባላሳደደ ቀን እንኳ መጠጊያ አለኝ ብሎ መኖር ነው።

ሦስተኛው እንግሊዝኛውን እንዳለ «አታችመንት» ብለን እንተወው የሚለው ነው፤ መርካቶም የጣሊያንኛ ቃል አይደለም ወይ? ነው፤ ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ሲያዛውር ስሙም አብሮ መጣ፣ ሕዝቡም ወርሶ የራሱ አደረገው። የመርካቶ ሰው ግን ሁሉን አልተዋሰም፤ ሰፈሮቹን በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ ብሎ የሰየመው በራሱ ቃል ነው። ከውጭ ለመጣ ነገር የውጭ ስም ያስኬዳል። በአንቀልባ ታዝሎ ገበያ የሚውል ሕፃን ግን በኮንቴይነር አልመጣም። አታችመንትም ቢሆን በየቢሮው ከኢሜይል ጋር ለሚላክ ሰነድ ከተያዘ ቆይቷል።

በገበያው ያለው ሕፃን ሌላም ነገር ያስረዳል። እናት ዕቃ ስታነሣ ጎረቤት ነጋዴ ይቀበላል፣ ታላቅ እህት ታዝላለች፣ አያት ታቅፋለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ተመራማሪዎቹ ቫን አይዘንዶርንና ክሮነንበርግ በዚሁ ሐሳብ ላይ የተሠሩ የ8 አገሮችን 32 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ከስምንቱ አንዱም የአፍሪካ አገር አልነበረም፤ ጥናቶቹ ያተኮሩትም እናት ለጥቂት ደቂቃ ከክፍል ወጥታ ስትመለስ ሕፃኑ በሚያሳየው ነገር ላይ ነበር። ከሰው እቅፍ ተለይቶ ለማያውቅ ልጅ እንግዳ የሚሆንበት ባዶ ክፍሉ ራሱ ነው። ስለዚህ «የእናትና ልጅ ትስስር» የሚለው አተረጓጎም የአንድ ዓይነት ቤት ልማድ በቃሉ ውስጥ ይቆልፋል። ሙጥኝታ ግን የማን ደጅ እንደሆነ አይወስንም፤ የተማፀነ ሰው በከፈተለት ደጅ ይገባልና። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችንም የኦሮሞን «ጉዲፈቻ» ይዟል፤ ቃሉ ከሚኖር ሕዝብ ሕይወት የወጣ ነው። የሙጥኝታም ግሥ ሕይወቱን ከሚኖሩት አፍ የወጣ ነው፤ እናቶች ዛሬም «ሙጥኝ አለብኝ» ይላሉ፤ በሥልጠናውም ሊመለስላቸው የሚገባው ይኸው የራሳቸው ቃል ነው።