አልበርድ ያለ አስም (ቦንጋና ካፋ ዞን)

ሕመምተኛው ፓፍ እየሳበም ደረቱ የሚታፈንበት፣ ሲር ሲር የሚልበትና ሌሊት የሚያስልበት የአስም ዓይነት ነው። መድኃኒት በእርግጥ የማይበግረው ከባድ አስም ያለባቸው ግን ከእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ጥቂቶቹ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ቀዳሚው የፓፉ ዓይነት ነው። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታል እንጂ ከሥር ያለውን ብግነት አይነካም። ብግነቱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ፓፍ በየቀኑ ሲወሰድ ነው። ወዲያው ስለማያሽል ግን ሰው «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊና (GINA) ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአዋቂዎች ሳልቡታሞልን ብቻውን ማዘዝን አይመክርም። አሳሳቡም ችግር አለው፦ ፓፉ ሳይነቀነቅ፣ ትንፋሽ ሳይያዝ የተሳበ መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሥሩ ተበስቶ ፓፉ ቢገጠምበት ይህን በእጅጉ ያስተካክላል።

ከዚያ አካባቢው ይመጣል። ቦንጋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ደን የከበባት ዝናባማ ከተማ ናት፤ እርጥበት ደግሞ ለሻጋታና ለቤት አቧራ ተባይ ይመቻል። ጭስ ማውጫ በሌለው ቤት የጉልቻ ጭስና የሚቆላ ቡና ጢስ የታከመውን ብግነት መልሰው ይቆሰቁሳሉ። በጎረቤት ጅማ ተጠንቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የታተመ ሥራ አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ መብዛቱን አሳይቷል፤ የጉልቻ ጭስ ገጠርም ስላለ፣ ጭስ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም ማለት ነው።

የቡና አገር ነውና ይህም ይጠቀስ፦ ካፌይን የአየር ቧንቧን በጥቂቱ ይከፍታል፣ ፓፍን ግን አይተካም።