በሶ ሌላ፣ ጩኮ ሌላ

አዲስ አበባ ቁርስ ቤት ገብቶ «ጨጨብሳ በማር» ብሎ የሚያዝ ሰው ኦሮምኛ ግስ እየጠራ መሆኑን ብዙም ልብ አይልም። «ጨብሱ» መስበር ነው፣ «ጨጨብሱ» ደግሞ ደጋግሞ መሰባበር። ቂጣው ይሰባበራል፣ በበርበሬና በቅቤ ይታሻል፣ በቃ ስሙም ይኸው ነው። አማርኛው «ቂጣ ፍርፍር» ሲል ያንኑ የእጅ ሥራ ነው የሚጠራው። የራሱ ስም እያለው ግን የጎረቤቱን ወሰደ፤ ደግ አደረገ።

ሁሉም ስም እንዲህ አይቀናውም። «ቡና ቀላ»ን እንውሰድ። «ቀሉ» ማለት ማረድ ነው። የቡናዋ ፍሬ ከነገለባዋ ጫፏ በጥርስ ተነክሶ በቅቤ ትበስላለች፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። ለሰንጋ የሚባለው ግስ ለአንዲት ፍሬ ተባለ ማለት ነው። ይህን «ቡና በቅቤ» ብለን ስንተረጉመው ቅቤው አለ፣ እርዱ የለም።

ወደ አርሲ ደጋ ስንመጣ ዋናው ነገር ገብስ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ እስከዚህ በሶ ነው። በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ሲታሽ ጩኮ ይሆናል። ውሃ ስለማይነካው ቶሎ አይበላሽም፣ ትንሹም ያጠግባል። ለበዓልና ለሰርግ ይቀርባል፣ ለመንገደኛም ስንቅ ነው።

ገብሱ ግን ማሳውን ለብቻው ይዞ አልቆየም። በ1967 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያና ስዊድን አሰላ ላይ የጭላሎን የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ጀመሩ፤ ሰው የሚያውቀው «ካዱ» በሚለው ምህጻር ነው። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር መጣ፣ ምርቱም አደገ። ችግሩ መሬቱ የባለርስት መሆኑ ነበር። ስንዴ አዋጪ ሲሆን ትራክተር ገባ፣ ብዙ ጭሰኛም ለዘመናት ካረሰው መሬት ተነቀለ። የመሬት አዋጁ የመጣው በ1975 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ለተነቀለው እኮ ዘግይቷል። ዛሬ አርሲ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስንዴ ነው። ገብሱ ከፍ ወዳለው፣ ወደ ጭላሎ ተራራ ወገብ ሲወጡ ይበረክታል። ከሚመረተውም አንዱ ክፍል አሰላ ብቅል ፋብሪካ ገብቶ ለቢራ ይሆናል። የአርሲን ገብስ ጩኮ ቀምሶ ከሚያውቀው ይልቅ ጠጥቶ የሚያውቀው ሳይበዛ አይቀርም።

አሰላ ከሄዳችሁ ጩኮ ጠይቁ። በሶ ከቀረበላችሁ አመስግናችሁ መልሱት፤ ገና ቅቤ ያላየ ዱቄት ነው።