የጎቲክ ልቦለዶችና የአንባቢዎቻቸው ሳቅ

የጎቲክ ልቦለድ አስፈሪነቱና አሳቂነቱ የሚጀምሩት ከአንድ መጽሐፍ ነው። ሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ግንብ»ን ለንደን ውስጥ ያሳተመው በ1764 የገና ዋዜማ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲው ስሙን ሸሽጎ፣ መጽሐፉ በ1529 ኔፕልስ ላይ ከታተመ አሮጌ የጣሊያንኛ ጽሑፍ የተተረጎመ ነው ብሎ አቀረበው። በታሪኩ መግቢያ ላይ ሙሽራው ኮንራድ በሠርጉ ዕለት ከላይ በወደቀ ግዙፍ የራስ ቁር ተጨፍልቆ ይሞታል። ቀጥሎም በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአያት ሥዕል በረጅሙ ተንፍሶ ከክፈፉ ይወርዳል፤ የድንጋይ ሐውልትም ይነስረዋል። ገጣሚው ቶማስ ግሬይ ከኬምብሪጅ ለዋልፖል በላከው ደብዳቤ፣ መጽሐፉ በዚያ የሚገኙ አንባቢዎችን ማታ ወደ መኝታቸው መሄድ እንዳስፈራቸው ነገረው። በ1765 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ዋልፖል ደራሲው እሱ መሆኑን አመነ፤ በርዕሱም ላይ «ጎቲክ ታሪክ» የሚል ጨመረ። የዘርፉ ስም ከዚያ መጣ።

መጽሐፉን ወድዳ ያነበበች፣ ነገር ግን ሳቋን መቆጣጠር ያቃታት ሌላ አንባቢ ደግሞ ክላራ ሪቭ ነበረች። በ1778 ለታተመው «የጥንቱ እንግሊዛዊ ባሮን» ለተባለ ልቦለዷ በጻፈችው መቅድም፣ የዋልፖልን ሥራ ካመሰገነች በኋላ ነቀፌታዋን ሳትደብቅ አስቀመጠች። ለመሸከም መቶ ሰው የሚያስፈልገው ሰይፍ፣ በገዛ ክብደቱ መሬቱን የሚበሳ የራስ ቁር፣ ከክፈፉ ወጥቶ የሚራመድ ሥዕል፣ እነዚህ ሁሉ አንባቢን በማስደንገጥ ፋንታ ያስቁታል አለች። መፍትሔዋም መናፍስትን በልክ መጠቀም ነበር። ዋልፖል በበኩሉ የሪቭን መጽሐፍ አሰልቺ ሆኖ አገኘው። ሪቭ በሽታውን በትክክል አውቃለች፤ መድኃኒቷ ግን አልሠራም። እሷ የፈጠረችው መንፈስ እጅግ ጨዋ ከመሆኑ የተነሣ ሳቁም ፍርሃቱም አብረው ጠፍተዋል። ጎቲክ ልቦለድ የሚያስደነግጠው ልኩን ሲያልፍ ነው፤ የሚያስቀውም ያው ልክ ማለፉ ነው።

በ1790ዎቹ ዘርፉ ገበያውን አጥለቀለቀው። አን ራድክሊፍ በ1794 ለወጣው «የኡዶልፎ ምስጢሮች» 500 ፓውንድ፣ በ1797 ለወጣው «ጣሊያናዊው» ደግሞ 800 ፓውንድ ተከፈላት፤ ይህ በዘመኑ ለልቦለድ የማይታሰብ ዋጋ ነበር። የዊልያም ሌን ሚነርቫ ማተሚያ ቤት በለንደን ሌደንሆል ጎዳና ተቀምጦ የግንብና የገዳም ታሪኮችን በብዛት አወጣ። አንባቢዎችም የዘርፉን ልማድ በቃላቸው ያዙት። በ«ኡዶልፎ» ውስጥ ባለታሪኳ ኤሚሊ አንድ ጥቁር መጋረጃ ገልጣ ከኋላው ያየችው ነገር ራሷን ያስታታል፤ ደራሲዋ ግን ምን እንዳየች ለአንባቢ አትናገርም። ታሪኩ አራት ቅጽ የሚሞላ ሲሆን፣ የታየው ከሰም የተሠራ ምስል መሆኑ የሚገለጸው መጨረሻው ሲቃረብ ነው። ለዚህ መልስ ያን ያህል የጠበቀ አንባቢ መሳቁ አያስገርምም። በ1797 አንድ ስሙን ያልገለጸ ጸሐፊ የዚህን ዓይነት ልቦለድ አጻጻፍ እንደ ወጥ አሠራር አድርጎ አሳተመ። ግማሹ የፈረሰ አሮጌ ግንብ፣ ብዙ በር ያለው ረጅም መተላለፊያ፣ ጥቂት አስከሬን ይወሰድና ተቀላቅሎ በሦስት ቅጽ ይቅረብ፤ ከመኝታ በፊትም ይወሰድ የሚል ነበር።

በዚህ ሁሉ ሳቅ መካከል ከፍ ብሎ የሚታየው የጄን ኦስተን «ኖርዛንገር አቢ» ነው። ኦስተን ልቦለዱን የጻፈችው በ1798 እና በ1799 ሲሆን፣ በ1803 በ10 ፓውንድ ተሸጠ፤ ገዢው ግን ሳያሳትመው አስቀመጠው። በ1816 በዚያው ዋጋ ተመልሶ ተገዛ። የታተመው ግን ደራሲዋ በጁላይ 1817 ካረፈች በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ባለታሪኳ ካትሪን ሞርላንድ የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ «ኡዶልፎ»ን ስታነብ የጥቁሩን መጋረጃ ምስጢር ማንም ቀድሞ እንዳይነግራት ትለምናለች። ቀድሞ ገዳም ወደ ነበረው የቲልኒ ቤተሰብ መኖሪያ በእንግድነት ስትጋበዝ፣ ሄንሪ ቲልኒ በመንገድ ላይ ስለ አሮጌ ሣጥን፣ ስለ ማዕበልና ስለ ተደበቀ ጽሑፍ ተረት እየፈጠረ ይቀልድባታል። ካትሪን እንደ ደረሰች በክፍሏ ያገኘችውን ከባድ ሣጥን በስንት ትግል ስትከፍተው ነጭ የአልጋ ልብስ ታገኛለች። በማዕበሉ ሌሊት ደግሞ ከጥቁር ቁም ሣጥን ጥቅል ወረቀት ታወጣለች፤ ሻማዋ ይጠፋና እስኪነጋ ስትንቀጠቀጥ ታድራለች። ጠዋት ስታየው የልብስ እጥበት ሒሳብ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ቀልድ ከተራ ማሾፍ የሚለየው በሄንሪ ቲልኒ ነው። ሄንሪ እንዲያ አሳምሮ ሊቀልድ የቻለው ራሱ «ኡዶልፎ»ን በሁለት ቀን ውስጥ፣ ጸጉሩ ቆሞ፣ ከእጁ ሳያስቀምጥ የጨረሰ አንባቢ ስለሆነ ነው። ኦስተን ልቦለድ ማንበብን የሚንቁ ሰዎችን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አጥብቃ ትወቅሳለች። የካትሪን ጓደኛ ኢዛቤላ ቶርፕ ሰባት አስፈሪ ልቦለዶችን በስም ትዘረዝራለች፤ ከእነሱም መካከል «የቮልፈንባክ ግንብ»፣ «የራይን ወላጅ አልባ ልጅ» እና «የእኩለ ሌሊት ደወል» ይገኛሉ። መጻሕፍቱ ከመረሳታቸው የተነሣ ኋላ የመጡ አንባቢዎች ኦስተን ለቀልድ የፈጠረቻቸው ስሞች መስለዋቸው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን ሰባቱም በእርግጥ የታተሙ መሆናቸው ተረጋገጠ፤ በ1968ም ለንደን ውስጥ በአንድነት እንደገና ታተሙ። ለእነዚህ ልቦለዶች ሁለተኛ ዕድሜ የሰጣቸው ኦስተን በእነሱ መሳቋ ነው።

በጎቲክ ልቦለድ የሳቀችው ኦስተን ብቻ አልነበረችም። ኢተን ስታናርድ ባሬት በ1813 «ጀግናዋ ሴት» በሚለው መጽሐፉ ቼሪ ዊልኪንሰን የተባለችን የገበሬ ልጅ ፈጠረ። ልጅቷ ልቦለድ አብዝታ ከማንበቧ የተነሣ ስሟን ኬሩቢና ብላ ለውጣ ከቤቷ ትጠፋለች። ኦስተን ይህን መጽሐፍ አንብባ ተደስታበታለች። ቶማስ ላቭ ፒኮክ ደግሞ በ1818 «ናይትሜር አቢ»ን ጽፎ ወዳጁን ገጣሚ ፐርሲ ሼሊን ስካይትሮፕ በሚል ስም፣ በማማ ውስጥ የሚተክዝ ወጣት አድርጎ ሣለው። ሼሊ አልተቆጣም፤ እንዲያውም በኋላ ጣሊያን አገር ሊቮርኖ አጠገብ ሲቀመጥ የሚሠራበትን ክፍል የስካይትሮፕ ማማ ብሎ ጠራው።

ባለቤቱ ሜሪ ሼሊም ከእሱ አላነሰችም። «ፍራንከንስታይን» በ1818 ከታተመ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የሪቻርድ ብሪንስሊ ፒክ ተውኔት ለንደን ውስጥ በመድረክ ቀረበ። በማስታወቂያው ላይ ፍጡሩን በሚጫወተው ቲ. ፒ. ኩክ ስም ትይዩ የገጸ ባሕርይው ስም መሆን በነበረበት ቦታ ባዶ ሰረዝ ብቻ ነበር። ሜሪ ሼሊ በኦገስት 1823 ተውኔቱን ተመልክታ በዚህ ስም አልባ ስም መደሰቷን ለወዳጇ ጻፈች። ፒክ ራሱም በዚያው ዓመት በገዛ ተውኔቱ ላይ የሚቀልድ ሌላ ተውኔት አቀረበ። በዚህኛው ሳይንቲስቱ ፍራንኪንስቲች የሚባል ልብስ ሰፊ ሆኖ ከሠራተኞቹ የአካል ክፍሎች አንድ ሰው ይሰፋል።

በ1847 የወጡት የብሮንቴ እኅትማማቾች ልቦለዶችም ተራቸው ደረሰ። አሜሪካዊው ብሬት ሃርት በ1867 ባሳተመው የስላቅ መድበል «ጄን ኤር»ን «ሚስ ሚክስ» አድርጎ አሳጠረው። የኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ደግሞ በ1970 በቀልደኞቹ በሞንቲ ፓይተን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ፍቅረኞቹ በኮረብታ ላይ ቆመው በባንዲራ ምልክት ሲነጋገሩ ታየ። ኬት ቡሽ በ1978 ስለዚሁ ልቦለድ ዘፈን አወጣች። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ብራይተን ላይ፣ በኋላም በብዙ ከተሞች ሰዎች ቀይ ቀሚስ ለብሰው በሜዳ ላይ የዘፈኑን ጭፈራ ይጨፍራሉ። ጢማም ወንዶችም ሳይቀሩ የልቦለዱን ባለታሪክ ካተሪንን ይሆናሉ።

በጎቲክ ልቦለድ ለመሳቅ ልማድ ከቅርቡ ዘመን የሚጠቀሰው የብራም ስቶከር «ድራኩላ» አዲስ ንባብ ነው። በ1897 የታተመው ልቦለድ በማስታወሻና በደብዳቤ የተቀናበረ፣ ለእያንዳንዱም ቀን የተሰጠው ነው። ከ2021 ጀምሮ ጽሑፎቹ ልክ በየቀናቸው፣ ከሜይ 3 እስከ ኖቬምበር፣ በኢሜይል ለአንባቢዎች ይላኩ ጀመር። በዚህ አካሄድ የልቦለዱ ባለታሪክ ጆናታን ሃርከር አዲስ ሰው ሆነ። የመንደሩ ሰዎች እያማተቡ ሲያስጠነቅቁት፣ እሱ የበላው የፓፕሪካ ዶሮ ጥሞት አሠራሩን ለእጮኛው ለሚና ሊወስድላት በማስታወሻው ይጽፋል። አንባቢዎች በዚህ ወጣት የዋህነት ሳቁ፤ ማስታወሻው ሳይመጣ የቀረባቸው ቀናት ሲበዙ ደግሞ በሕይወት መኖሩ አስጨነቃቸው። ክላራ ሪቭ ሳቅ ፍርሃትን ያጠፋል ብላ ነበር፤ የሃርከር አንባቢዎች ግን የሳቁለትን ሰው አብልጠው ፈሩለት።