የስኳር በሽታ የዓይን ጉዳት፣ ከወሊድ በኋላ
ከእርግዝና በፊት ስኳር በነበረባት እናት ሬቲና ላይ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ጉዳት። እርግዝና ሊያባብሰው ይችላል፤ ስጋቱም ከወለደች በኋላ እስከ 1 ዓመት ይቆያል። በእርግዝና ብቻ የታየ ስኳር ግን ሬቲናን እምብዛም አይጎዳም። በሽታው መጀመሪያ ላይ ሕመም የለውም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ በልማድ አራስ ከቤት አትወጣም፤ ጠያቂ የሚያቀርብላት አጥሚትና ገንፎም (ማር ከገባበት ደግሞ ይብሳል) ስኳሯን ከፍ ያደርገዋል። ከሕክምናዎቹ መካከል ሌዘር የቀረውን እይታ ለማቆየት ነው እንጂ የጠፋውን አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም፤ የምሽት እይታንም ሊቀንስ ይችላል። ዓይን ውስጥ የሚወጋው መርፌ ለምታጠባ እናት የሐኪም ምክር ይፈልጋል። ከሳንሱሲ አዲስ አበባን አቋርጣ በዓይን ሕክምናው ወደሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የምትሄድ እናት፣ ለምርመራ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት እይታዋን ስለሚያደበዝዝባት ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል።